220 ሙላልኝ

ትናንት በቸርችል ጎዳና ወደ ፒያሳ ሽቅብ ስወጣ መብራት ያዘኝ። አጠገቤ አለቃዬ ተቀምጣለች። መኪናዋ ጋራዥ ገብታባት ነው እንጂ በእኔ ቪትስ የምትሳፈር ሴት አይደለችም። ስለ ሩብ ዓመቱ ሪፖርት እያወራን፣ እኔም ፊቴን የቁም ነገር ሰው አስመስዬ፣ አንድ ሰማያዊ ሚኒባስ መጥቶ ጎናችን ቆመ። ረዳቱ ግማሽ አካሉን በመስኮት አንጠልጥሎ ዞር ሲል አየኝ። ፊቱ ወዲያው በራ።

«ሁለት መቶ ሃያ! እንዴት ነህ ሁለት መቶ ሃያ! እስካሁን አልፈነዳህም?»

ሾፌሩ ጎንበስ ብሎ አየኝ። ጋቢና ያለችው ልጅ አየችኝ። ከኋላ ያሉት ተሳፋሪዎች ምን እንደሆነ ሳያውቁ ሳቁ፤ ታክሲ ውስጥ ሳቅ ይጋባል። ያ መብራት እንደዚያን ቀን ቀይ ሆኖ የቆየበትን ጊዜ አላስታውስም።

«220 ምንድን ነው?» አለች አለቃዬ።

«የመኪናዋ ሞዴል ነው» አልኳት።

ቢሮ እስክንደርስ ስለ ሪፖርቱ አላነሳችም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገራችሁ። ጥፋቱ የሚስቴ ወንድም ነው። አምና ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከአራት ኪሎ ፒያሳ ድረስ አሳፈረኝና መንገዱን ሙሉ የገዛ ሆዴን ጩኸት ሰማሁ። ቁርስ አልበላሁም ነበር። እሱም ሰምቶ «ራበህ እንዴ?» አለኝ። እስኪ አስቡት፣ መኪና ውስጥ ሆኖ የሰው ሆድ መስማት! እኔ ቪትስ ውስጥ የራሴን ስልክ እንኳ የማውቀው ኪሴ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ነው።

(በነገራችን ላይ እነዚህ መኪኖች ከኋላ ድመት ሆነው ነው የሚመጡት። ባለፈው ዳቦ ይዤ ስሻገር አንዱ ተረከዜ ሥር ደርሶ ጥሩንባ ሲነፋ ዳቦውን ለአስፋልቱ አበረከትኩ። ይሄ ግን ሌላ ጉዳይ ነው።)

በማግስቱ ሚስቴ ቪትሷ ውስጥ እንደገባች «ያንተ ግን ዉዉዉዉ ይላል አይደል?» አለች። ስምንት ዓመት ስነዳት ያልሰማሁትን ድምፅ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ መስማት ማቆም አቃተኝ። ከ40 በላይ ስሄድ ዉዉዉዉ ትላለች፣ ኮብልስቶን ላይ ስወጣ ደግሞ ወገቤ ላይ ሰው ቡና የሚወቅጥ ይመስለኛል። ጎማዎቹን ጎንበስ ብዬ ሳያቸው ጥርሳቸው ወጣ ገባ ሆኖ ተበልቷል። በእጄ ወደ ፊት ስዳስሰው ለስላሳ ነው፤ ወደ ኋላ ስመልሰው እንደ መጋዝ ይይዛል። እንዲህ የተበላ ጎማ ይጮሃል። በቃ፣ ጎማ ልቀይር ወሰንኩ።

ወደ ተክለ ሃይማኖት ወረድ ብዬ አንድ ጎማ ቤት ገባሁ። ሻጩ መኪናዋን ከውጭ በአንድ ዓይኑ አይቶ «ለዚችማ 15 ከነቸርኬው እናግባላት። ሰፋ ያለ፣ ቀጠን ያለ፣ ታምራለች» አለኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስለ ጎማ ሳነብ ስላደርኩ ደረቴን ነፍቼ ነበር የገባሁት። የእኔ 165/70 ነው፣ 14። 165 ማለት የጎማው ስፋት በሚሊ ሜትር፣ 70 ደግሞ የጎኑ ቁመት ከዚያ ስፋት በመቶኛ፤ 14ቱ የቸርኬው ስፋት በኢንች። ሲሰላ ከቸርኬው በታች 11 ሴንቲ ተኩል የሚሆን ጎማና ንፋስ አለ። በእኔ ወገብና በኮብልስቶኑ መካከል ያለችው ትራስ እሷ ናት። እሱ ሊሸጥልኝ የፈለገው 185/55 ግን 10 ሴንቲ ብቻ ነው። «ትራሴን ልትቀንስብኝ ነው?» አልኩት። ግራ ገብቶት አየኝ። ባለ ትልልቅ ጥርሱን፣ የጭቃውንም አልቀበልም አልኩ፤ አስፋልት ላይ የሚጮኸው እሱ ነው። ጥርሱ ደቀቅ ያለውን፣ በራሷ ልክ ስጠኝ።

ከዚያ የዓመቱን ቁጥር ፈለግኩ። ጎማ ጎን ላይ አራት አሃዝ ትገኛለች፤ ሁለቱ ሳምንቱ፣ ሁለቱ ዓመቱ። 2318 ይላል። የ2018 23ኛ ሳምንት፣ በፈረንጆቹ ማለት ነው።

«ይሄ ጎማ አርጅቷል» አልኩት።

«ምን ነካህ ወንድሜ፣ 18 ነው እኮ የሚለው!»

«አዎ፣ 2018።»

«እና ዘንድሮ ስንት ነው?»

ዝም አልኩ። እውነትም 2018 ነው። ሰውዬው ሰባትና ስምንት ዓመት የቆየን ጎማ በእኛ አቆጣጠር አሁን የወጣ ትኩስ ዳቦ አድርጎ ሊሸጥልኝ ነበር፣ ፊቱም ላይ ቅንጣት ሐፍረት የለም። እንዲያውም ደስ አለኝ፣ እንዲህ ያለ ጭንቅላት ጎማ ቤት መባከኑ አሳዘነኝ። ሌላ ቦታ ሄጄ 24 የሚል አገኘሁና አራቱንም ቀየርኩ። ይህን የምነግራችሁ ሞኝ እንዳልሆንኩ እንድታውቁልኝ ነው፤ ወደ ታች ስትወርዱ ያስፈልገኛል።

አዲሱን ጎማ አስገብቼ ወጣሁ። ዉዉዉዉው ቀነሰ። ንዝረቱ ግን ባሰ። ሰፈራችን ውስጥ ነዋሪው አዋጥቶ ያሠራት የፍጥነት መቀነሻ አለች። ፍጥነት አትቀንስም፣ መኪና ነው የምትቀንሰው። ሲሚንቶ የተረፈው ሰው ሁሉ እላይዋ ላይ የደፋባት ነው የምትመስለው። እኔ ራሴ ብር አዋጥቼባታለሁ፣ ደረሰኙ ቤት አለ። በአዲሱ ጎማ ስወጣባት የክሩስኮቶው መሳቢያ በራሱ ተከፍቶ የሚስቴ ጉልበት ላይ አረፈ። «ይሄ ነው አዲሱ?» አለች። ለገዛ መኪናዬ ሆድ መፋቂያ ገንዘብ ማዋጣቴ ሳያንስ!

ተመልሼ ወደ ንባቤ። ለካስ ዋናው ነገር ንፋስ ነው። ጎማው ጎን ላይ 44 ፒኤስአይ የሚል ተጽፏል፤ ጎሚስታዎች ንፋስ የሚለኩበት መለኪያ ነው። እኔም ጎማውን ሳስገባ «የተጻፈውን ሙላ» ብዬ ነበር። ያ ግን ጎማው የሚችለው ጣሪያ ነው እንጂ ለመኪናዋ የሚስማማው አይደለም። 44 ሲሞላ ጎማው እንደ ኳስ ይነፋና መሐሉ ብቻ ነው መንገድ የሚነካው፤ ጠጠሯ ሁሉ ቀጥታ ወደ አከርካሪህ ትመጣለች። ሲያንስ ደግሞ ዳር ዳሩ ይበላል፣ ጎማው ይግላል፣ ቤንዚን ይጨምራል። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ሲከፈት ምሰሶው ላይ በተለጠፈ ወረቀት ላይ ነው።

በሬን ከፈትኩ። የለም። በባትሪ ፈለግኩ። የለም። ሚስቴ ከወዲያ በኩል በሯን ከፍታ «ይሄን ነው?» አለችኝ። የእኛ ቪትስ መሪዋ ዱባይ ላይ ከቀኝ ወደ ግራ የተሻገረ አይደል? መሪው ሲሻገር ወረቀቱ አልተሻገረም። ስምንት ዓመት ሙሉ በእሷ በኩል ሆኖ ሲጠብቀኝ ኖሯል። ጽሑፉ ጃፓንኛ ነው። ከመሐል የማነበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ 220።

ጎማ የሚለካው ሳይሞቅ ነው፣ ሲሮጥ ይሞቅና ቁጥሩ ከፍ ይላል። ስለዚህ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ። ጎሚስታው ከቤቴ ሁለት ደቂቃ ነው፣ ጎማ ቁጠባ አካባቢ። ጎማ ቁጠባ በሚባል ሰፈር ለጎማ ገንዘቤን መጨረሴ ሌላ ቀልድ ነው። ደርሼ ሳይ አራት ሚኒባስ ተሰልፏል። ሾፌሮቹ ከነረዳቶቻቸው አንዲት ቡና የምታፈላ ሴት ዙሪያ ቆመዋል። ተራዬ ደረሰ። ልጁ 16 ዓመት ቢሆነው ነው፤ እጁ እስከ ክርኑ ጥቁር፣ ጆሮው ላይ እርሳስ። የንፋሱን ቱቦ ትከሻው ላይ ጥሎ መጣ።

«ስንት ላድርግልዎት ጋሼ?»

«220» አልኩ፣ እንደሚያውቅ ሰው።

«ስንት?»

«220። አራቱንም።»

በዚያች ቅጽበት ኮምፕሬሰሩ ሞላና በራሱ ጠፋ። ያን ሁሉ ጊዜ ሲያንባርቅ የነበረ ኮምፕሬሰር ዝም ለማለት ያቺን ሰዓት መረጠ። ሰፈሩ ጭር አለ። ልጁ ቱቦውን ቀስ ብሎ ከትከሻው አወረደ።

«ጋሼ፣ 220 እኮ መብራት ነው።»

እንዲህ ያለ ሳቅ ሰምቼ አላውቅም። አንዱ ሾፌር ስኒውን አስቀምጦ፣ በሁለት እጁ ጉልበቱን ይዞ ሳቀ። «ቆጣሪ አስገብተሃል?» አለኝ ሌላው። ቡና የምታፈላዋ ሴት ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች፤ ከሁሉም የቆጨኝ የእሷ ነው፣ ሁሌ ሰላም ትለኝ ነበር።

እዚያ ላይ 'እሺ አንተ እንዳወቅክ' ብዬ ዝም ብል ኖሮ ይሄን ጽሑፍ ባልጻፍኩ። እኔ ግን ማስረዳት ጀመርኩ።

«በኪሎ ፓስካል ነው!» አልኩ።

«ፋሲካማ ገና ነው» አለ ረዳቱ። ትናንት በመስኮት የወጣው እሱ ነው።

«ፓስካል! መለኪያ ነው! ቆይ ወደ እናንተ ልቀይረው» ብዬ ስልኬን አወጣሁ። አንድ ፒኤስአይ 6.9 ኪሎ ፓስካል ስለሆነ ለ6.9 ማካፈል ነው፣ ቀላል ሒሳብ። እጄ ግን እየተንቀጠቀጠ ነበርና ማካፈያውን ትቼ ማባዣውን ነካሁ። የመጣውን ቁጥር ሳላስብ፣ በኩራት፣ ጮክ ብዬ አነበብኩት።

«1518!»

ልጁ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለ። የቤቱ ባለቤት፣ ሽበታቸው የነጣ ሽማግሌ፣ እስከዚያ ድረስ አንድ ካላማደሪያ ውኃ ውስጥ ነክረው አረፋ ሲፈልጉ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና በሙሉ ርኅራኄ «ልጄ፣ መኪናዋን እስቲ ከዚህ ራቅ አድርጋት» አሉኝ።

በመጨረሻ ልጁ ራሱ አዘነልኝ። «የቪትስ እኮ 32 ነው ጋሼ» አለና ጎንበስ ብሎ ለካ። 44 አለ። «ለዚህ ነዋ! ባለፈው 32 ላድርገው ስልዎት 'የተጻፈውን ሙላ' ያሉኝ እርስዎ ነዎት።» ይህንንም ጮክ ብሎ ነው ያለው። ፉፉፉፉ እያለ ከአራቱም ጎማ ንፋስ ሲያወጣ እኔም አብሬ ስተነፍስ ቆሜ አየሁ።

እንግዲህ ሒሳቡን እናንተ ሥሩት። 220ን ለ6.9 አካፍሉ። 31.9። ማለትም 32! ልክ ነበርኩ! ጃፓን ልክ ነው፣ ወረቀቱ ልክ ነው፣ እኔ ልክ ነኝ፤ ልጁ ያለውና እኔ ያልኩት አንድ ነው። ይሄን ለማን ልንገር? ሚኒባሱን አስቁሜ ረዳቱን ላስረዳው? አንድ ቀን ልሞክር ብዬ አስቤያለሁ፣ አልዋሽም።

ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ የፓስካልን ታሪክ አነበብኩ። ብሌዝ ፓስካል የሚባል ፈረንሳዊ ነው። በ1648 በእነሱ አቆጣጠር የአየር ግፊት ከፍታ ላይ እንደሚቀንስ ማረጋገጥ ፈለገ። ታዲያ ራሱ ተራራ አልወጣም። የእህቱን ባል የሜርኩሪ ቱቦ አስይዞ ፒዩ ደ ዶም የሚባል ተራራ ላይ ሰደደው። ሰውዬው ለፍቶ ወጣ፣ ለካ፣ ወረደ፤ ስሙ የቀረው ግን የፓስካል ነው። ስታስቡት እኔም የእህቱ ባል ነኝ። የሚስቴ ወንድም ጸጥ ባለ መኪናው ውስጥ ተቀምጧል፣ ተራራውን የምወጣው እኔ ነኝ።

መኪናዋ? እውነቱን ለመናገር ተሻላት። ኮብልስቶኑ ላይ የቡና መውቀጡ ቀርቷል፣ መሳቢያውም በራሱ አይከፈትም። አሁን ጎማው ዝም ሲል ከኋላ በግራ በኩል ሌላ ቀጭን ድምፅ ተሰማኝ፣ መሪ ሳዞር የሚለዋወጥ። ኩሽኔታ ሳይሆን አይቀርም። ለማንም አልተናገርኩም።

እሑድ ምሳ ላይ የሚስቴ ወንድም መጣ። ሚስቴ ከጎሚስታው ጀምራ እስከ 1518 አንድም ሳታስቀር ተርካለታለች፤ ያውም የሽማግሌውን ድምፅ እያስመሰለች። እሱ አልሳቀም። ለዚህ ለዚህ እንኳ ሰው ነው ብዬ አመሰገንኩት። እንጀራውን ጠቅልሎ፣ ጎርሶ፣ አላምጦ ጨረሰና፦

«ምን አለበት» አለ፣ «የእኔን እኮ ሁልጊዜ በ220 ነው የምሞላት።»