የፒክአፕ የኋላ መብራት ሲያስቸግር ዕቃ ከመግዛትዎ በፊት ኔጋቲቩን ይፈትሹ

ፒክአፔ በዓመታዊው የቴክኒክ ምርመራ የወደቀው በቀኝ የኋላ መብራቱ ምክንያት ነው። የተሰጠኝ ወረቀት ላይ የሰፈረው «የኋላ መብራት ጉድለት» የሚል ሐረግ ብቻ ነበር። ማታ የሚበራው፣ ፍሬን ሲረገጥ የሚበራው፣ ፍሬቻውና የሰሌዳው መብራት ሁሉም ከኋላ ናቸው፤ የሚበላሹበትም ምክንያት የተለያየ ነው። የትኛው እንደሆነ ብጠይቅ መርማሪው «ኤሌክትሪሺያን ያውቀዋል» ብሎኝ ቀጣዩን መኪና ጠራ። ቦሎ የሚከለክል ሰው የከለከለበትን ነገር በአንድ ተጨማሪ ቃል ለመጻፍ ለምን እንደሚሰንፍ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

መብራቱ ጨርሶ የሞተ አልነበረም። ማታ መብራት ሳበራ የግራው ደምቆ ሲበራ የቀኙ ደብዝዞ ይታያል፤ በዚያው ላይ ፍሬን ስረግጥ ደግሞ ይደምቃል ሲባል ይባስ ብሎ ሊጠፋ ይደርሳል። ከሁሉም የገረመኝ፣ መብራቱን ሁሉ አጥፍቼ ፍሬን ብቻ ስረግጥ የዳሽቦርዱ መብራት ፈዘዝ ብሎ መብራቱ ነው። ከማዘጋጃ ቤት ወደ ቴዎድሮስ አደባባይ የሚወርደውን የቸርችል ጎዳና ቁልቁለት በየቀኑ የሚነዳ ሰው፣ ከኋላው የሚመጣው ሾፌር ፍሬን መያዙን ማየት አለመቻሉ ምን ያህል እንደሚያሳስብ ያውቃል።

ፊውዙን ማየት ጊዜ አይፈጅም፤ ደህና ነበር። በብዙ የጃፓን መኪኖች የማታውን መብራት የሚመግበው ፊውዝ የዳሽቦርዱንም ስለሚመግብ፣ ዳሽቦርዱ በወጉ እየበራ አንድ ጎን ብቻ ካስቸገረ ፊውዙን አልፎ መሄድ ይቻላል። አምፖሉም ደህና ነበር።

ችግሩ የጀመረው ባለሙያ ፍለጋ ስወጣ ነው። የመጀመሪያው ኤሌክትሪሺያን መብራቱን ፈትቶ ሶኬቱን ገና ከማየቱ «ጋሼ፣ ይሄ ተቃጥሏል፤ ስቶፑን ሙሉውን ይቀይሩት» አለኝ፤ ስቶፕ የሚለው የኋላ መብራቱን ሙሉ ዕቃ ነው። መርካቶ ሶማሌ ተራ ወርጄ፣ ተከራክሬ ገዛሁ፤ ተገጠመ፤ አዲሱም እንደ አሮጌው ደብዝዞ በራ። ሻጩ ደግሞ የተገጠመ ዕቃ አይመለስም አለ። ኤሌክትሪሺያኑ ግን የእጁን ዋጋ ሳያቅማማ ተቀበለ።

ሁለተኛው መልቲሜትር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) የያዘ በመሆኑ ተስፋ ሰጥቶኝ ነበር። አንዱን ጫፍ ከሶኬቱ ኔጋቲቭ (ኤሌክትሪኩ በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪ ከሚመለስበት ሽቦ)፣ ሌላውን ከሻንሲው (ከመኪናው የብረት አጽም) አገናኝቶ መሣሪያው ጢጥ ሲል «ኔጋቲቩ ጤነኛ ነው፤ መስመሩ ነው የተበላው» ብሎ ደመደመ። ከዚያም ከጋቢናው ሥር ዋናውን የሽቦ ጥቅል ቆርጦ አዲስ ሽቦ ሊስብና በናስትሮ ሊጠቀልለው ፒንሳውን አነሳ። አስቆምኩት፤ ተቀየመኝ። የጢጥታው ነገር ብዙ ሰው ያሳስታል፤ መልቲሜትሩ የሚልከው ኤሌክትሪክ እጅግ ትንሽ ስለሆነ በአንዲት ቀጭን ክር የተንጠለጠለ ሽቦም ደህና መስሎ ያልፋል። 21 ዋቱ አምፖል ሲበራ ግን ከአንድ አምፔር ተኩል በላይ ይስባል፤ ያን ጊዜ የዛገው መገናኛ አላሳልፍም ይላል።

ነገሩ እንዲህ ነው። በአንዱ አምፖል ውስጥ 5 ዋት የሆነ የማታ ክርና 21 ዋት የሆነ የፍሬን ክር አሉ፤ መመለሻቸው ግን አንድ ኔጋቲቭ ነው። እሱ ሲዘጋ የፍሬኑ ኤሌክትሪክ በማታው ክር በኩል ወደ ኋላ ተመልሶ፣ በሌሎቹ አምፖሎችና በዳሽቦርዱ አድርጎ መውጫ ይፈልጋል። ዳሽቦርዱ ያለ ወጉ የሚበራው ለዚህ ነው። ይህን ምልክት ያየ ሰው ስለ ፊውዝም ሆነ ስለ ስቶፕ ማሰብ የለበትም።

ቤቴ በር ላይ ቆሜ አንድ ቁራጭ ሽቦ ወሰድኩና አንዱን ጫፍ ከመብራቱ ኔጋቲቭ፣ ሌላውን በካቻቪት ቀለሙን ፍቄ ካነጣሁት የሻንሲ ብረት ጋር አስነካሁት። መብራቱ ወዲያው ቦግ አለ! ሽቦውን ሳነሳ ደበዘዘ፤ ስመልሰው ደመቀ። ከዚያ በኋላ የቀረው ከመጫኛው ሥር ተኝቶ ኔጋቲቩን እስከ መጨረሻው መከተል ብቻ ነበር። በብሎን የታሰረበት ቦታ ላይ ጥቁር ፀረ ዝገት ቀለም ተለቅልቆበታል፤ ቀለሙ ሲላጥ የሽቦው ቀለበት አረንጓዴ ዱቄት ለብሶ፣ ከሥሩ ያለው ብረት እንደ ቅርፊት እየተነሳ ተገኘ። በብርጭቆ ወረቀት ሁለቱንም እስኪያብረቀርቁ ፈገፈግኩ፤ ቀለበቱን ቀየርኩ፤ ብሎኑን አጠበቅኩና ከላዩ ግሪስ ቀባሁበት። ግሪሱ የሚቀባው ብረት ከብረት ከተጣበቀ በኋላ ነው።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ከፊውዝና ከአምፖል ጀምሩ ይላል። ለቤት መኪና ይሁን፤ ለፒክአፕ ግን እኔ አልቀበለውም። የፒክአፕ መጫኛ ለብቻው ሻንሲው ላይ የታሰረ ነው፤ ሽቦዎቹም ከሥር ተጋልጠው የክረምቱን ጭቃና የላቫጆውን ግፊት ውኃ ሲጠጡ ይኖራሉ። ላቫጆ ቤት ከሥር እጠቡልኝ የሚል ሰው ቢያንስ የውኃውን አፍ ከኔጋቲቩና ከሶኬቶቹ እንዲያርቁለት ይናገር። ፀረ ዝገት የሚያስቀባም ቀቢው ከመጀመሩ በፊት የኔጋቲቭ ብሎኖቹን በናስትሮ ይሸፍናቸው።

በድጋሚ ምርመራው ላይ መርማሪው ፍሬን አስረግጦ በሩቁ አየና አሳለፈኝ። ወረቀቱ ላይ የትኛው መብራት እንደሆነ ቢጻፍ ኖሮ ምን ያህል ወጪ እንደሚያድን ልነግረው ሞከርኩ። «ጋሼ፣ ቅጹ እንዲህ ሆኖ ነው የመጣው» አለኝ።