የፈረስ ጆሮና የጀልባ ሸራ

ዱባይ ስመጣ ካሜራ ነክቼ አላውቅም ነበር። ስለ ፈረስ፣ ስለ ዓሣና ስለ ውሃ ላይ ስፖርት የቴሌቪዥን ፕሮግራም በሚያዘጋጅ ድርጅት ውስጥ ዕቃ ተሸካሚ ሆኜ ተቀጠርኩ። ባትሪ፣ ኬብል፣ የካሜራ መቆሚያ። በመጀመሪያው ዓመት ስሜን አስተካክሎ የሚጠራኝ አልነበረም።

አንድ ቀን ጋጣ ውስጥ ካሜራ ባለሙያው ወደ አንድ ጥቁር ፈረስ ሲጠጋ፣ ፈረሱ ሁለቱንም ጆሮዎቹን ወደ ኋላ ለጠፈ። ሰውዬውን በክንዱ ይዤ ሳብኩት፤ የፈረሱ ጥርስ አየር ነክሶ ቀረ። እኔ የአዊ ልጅ ነኝ። ያደግሁት እንጅባራ አጠገብ ነው፤ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን በሚያከብርበት አገር። አባቴ የማኅበሩ አባል ናቸው። ፈረስ ከመናከሱ በፊት በጆሮው እንደሚናገር ከእርሳቸው ነው የተማርኩት። ጋጣውን የሚጠብቁት ሱዳናዊ አዛውንት ፈረሱን "አድሃም" ሲሉት፣ "እኛ ጉራቻ እንለዋለን" አልኳቸው፤ ስሙን ደጋግመው ሞከሩት። ከዚያ ወዲህ ፈረስ በሚቀረጽበት ሁሉ ከካሜራው አጠገብ የምቆመው እኔ ሆንኩ፤ እያደር ካሜራውም ወደ እጄ ገባ።

በማርች መጨረሻ ሜይዳን በተባለው የፈረስ መሮጫ ላይ የሚካሄደው የዱባይ ዓለም ዋንጫ የፈረስ ውድድር 2,000 ሜትር ነው፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ለእኔ ግን የሚበልጠው ከውድድሩ በፊት ያለው የንጋት ልምምድ ነው። ፈረሶቹ በሶምሶማ ሲያልፉ ትንፋሻቸው በማይክሮፎኑ ይሰማል።

ዓሣ መቅረጽ ሌላ ሙያ ነው። ጥቂት ሜትር ወደ ውሃው ሲወረድ ቀይ ቀለም ይጠፋል፤ መብራት ካልተያዘ ሁሉም ነገር ሰማያዊ ይመስላል። ያንን ለጠላቂዎቹ ትቻለሁ።

ባሕሩን የወደድኩት በአል ጋፋል ነው። ከ1991 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄድ፣ 60 ጫማ ርዝመት ያላቸው የእንጨት ጀልባዎች ከሲር ቡ ናይር ደሴት ተነሥተው እስከ ዱባይ ዳርቻ የሚሽቀዳደሙበት ውድድር ነው። ድሮ ዕንቁ ፈላጊ ጠላቂዎች ወራቸው ሲያልቅ ወደ ቤታቸው የሚመለሱበትን ጉዞ ያስታውሳል። ስለ መመለስ የሚዘከር በዓል መሆኑ እንደ እኔ ላለ ስደተኛ ልብ ይነካል። ጀልባዎቹ ሸራቸውን አውርደው ይሰለፋሉ፤ ምልክቱ ሲሰጥ መርከበኞቹ ገመዱን በአንድነት ይስባሉ፤ ባሕሩ በአንዴ ነጭ ይሆናል። ውድድሩን ለመጀመሪያ ጊዜ በቀረጽኩበት ዓመት ልክ በዚያች ቅጽበት ማዕበል ካሜራዬን መታውና ምስሉ ጠፋ። ሌሊቱን ሙሉ የካሜራውን አካል በንጹሕ ውሃ በራሰ ጨርቅ ከጨው ሳጸዳ አደርኩ፤ ዕንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም።

በሚቀጥለው ዓመት ግን ከመጀመሪያው ገመድ እስከ መጨረሻው ሸራ ቀረጽኩት። ፕሮግራሙ ከተላለፈ በኋላ ለአባቴ በስልክ ላክሁላቸው። ባሕር በዓይናቸው አይተው አያውቁም። ዝም ብለው ካዩ በኋላ ደወሉልኝ።

"ልጄ፣ ዛቡን የያዘው የትኛው ነው?"

ምስሉን እንደገና ከፍተው ከኋላ በኩል እንዲመለከቱ ነገርኳቸው፤ መሪውን በሁለት እጁ የጨበጠውን፣ ዓይኑን ከሸራው የማይነቅለውን ሽማግሌ።

"አየሁት" አሉኝ። "ጥሩ ጋላቢ ነው።"