ሙጫ የያዘው ብሎን ዘይት አይሰማም

የሞተር ሳይክሌ የፊት ፍሬን ዲስክ በመጨረሻ ወለቀ። ሞክሮት ለማያውቅ ሰው ተራ ነገር ነው። ዲስኩን ከቸርኬው ጋር ያሰሩት አምስት ብሎኖች ናቸው፣ አምስት ብሎን ደግሞ ምን አላት? አራቱ በአንድ ከሰዓት ወጡ። አምስተኛው ግን እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። እናንተም ደጃችሁ ላይ ሞተር የምትፈቱ ከሆነ፣ አንድ ቀን እዚህ ጋ መድረሳችሁ አይቀርምና የተማርኩትን ላካፍላችሁ።

ከየት እንደተነሳሁ በአጭሩ። መካኒክ አይደለሁም። የምኖረው ሱሉልታ ነው፣ ያለችኝም 150 ሲሲ የህንድ ሞተር ናት። ዘይት መቀየር፣ ካንዴላ ማጽዳት፣ ሰንሰለት ማጥበቅ፣ የፍሬን ሸራ መቀየር በቪዲዮና በትንሽ ድፍረት ይለመዳል፣ ብዙም አላወራበትም። ዲስኩ ላይ የደረስኩት ሸራ ስቀይር ነው። ዲስኩ ራሱ ላይ ከዚህ በታች ከሳሳ ይቀየር የሚል ቁጥር ተቀርጿል። ፈልጉት፣ ብዙ ሰው አያየውም። የእኔ ከቁጥሩ ወርዶ ነበር።

እንግዲህ ወደ ብሎኖቹ። አልፈታ ያለ ብሎን ሲያይ ሁሉም ሰው ዝገት ነው ይላል። ከዚያ ደብሊውዲ ፎርቲ ይረጫል፣ ያሳድራል፣ ይሞክራል፣ እንደገና ይረጫል። ለዝገት ልክ ነው። የዲስክ ብሎን ግን አብዛኛውን ጊዜ የያዘው ዝገት ሳይሆን ሙጫ ነው። እዚያ ላይ ዘይት መርጨት ድንጋይ ላይ ውሃ ማፍሰስ ነው።

ሙጫው ሰፈር ውስጥ በደፈናው ሎክታይት የሚባለው ነው። ከብልቃጡ ፈሳሽ ሆኖ ይወጣል። የብሎኑ ጥርስ ውስጥ ገብቶ አየር ሲያጣና ብረት ሲያገኝ ይደርቅና ጠንካራ ፕላስቲክ ይሆናል። ይህን ነገር ቬርነን ክሪብል የተባለ አሜሪካዊ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር ነው በ1953 እ.ኤ.አ. የሠራው። አየር እያለ ስለማይደርቅ ፋብሪካው ብልቃጡን ሆን ብሎ አይሞላውም። አንድ ጓደኛዬ መርካቶ ገዝቶ ግማሽ ጎደሎ ሆኖ ሲያገኘው ሻጩን ሊጣላ ተመልሶ ነበር። ሰውዬው አላጭበረበረውም።

ቀለሙን እወቁ። ሐምራዊው ለትንንሽ ዊንቾች ነው፣ በቀላሉ ይለቃል። ሰማያዊው መካከለኛ ነው፣ በተለመደ የእጅ ቁልፍ ይፈታል። ቀዩ ሙቀት ይፈልጋል፣ ካላሞቃችሁት ብሎኑን ትሰብሩታላችሁ እንጂ አይፈታም። ሁሉም አምራች ግን ይህን ቀለም አይከተልም፣ ስለዚህ ብልቃጡ ላይ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። የእኔን ዲስክ ከዚህ በፊት የፈታው አንድ ጋራዥ ቀዩን እንደ ቅቤ ቀብቶበታል። አንዷን ብሎን ደግሞ መጠኑ ባልሆነ ቁልፍ እያሽከረከረ ራሷ ላይ ቁልፍ የሚገባበትን ጉድጓድ ስድስት ማዕዘን አጥፍቶታል። አምስተኛዋ እሷ ናት።

የዛገና የተጣበቀ ብሎን በእጅ ይለያል። የዛገው «ቋ» ብሎ ከተላቀቀ በኋላ እየቀለለ ይመጣል። ሙጫ የያዘው ከተላቀቀም በኋላ እስከ መጨረሻው ጥርስ ድረስ እየጎተተ ነው የሚወጣው። ሲወጣ ጥርሱ መሃል ነጭ ነጭ ፍርፋሪ ታያላችሁ፣ በጥፍር ሲነኩት የሚራገፍ። ያ የደረቀው ሙጫ ነው።

አሁን ዋናው ነገር፣ ሙቀት።

ቀዩ ሙጫ እስከ 250 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ካልሞቀ እጁን አይሰጥም። ይህን ቁጥር ያዙልኝ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው አሞቅኩት የሚለው ለብ አድርጎት ነው። የፀጉር ማድረቂያ አይበቃም። «ውሃ ጠብ ስታደርግበት ከጮኸ በቂ ነው» የሚሉም አሉ። እኛ ሱሉልታ ከፍታ ላይ ስለሆንን ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ አካባቢ ነው። ስለዚህ ውሃው ጮኸ ማለት ገና ግማሽ መንገድ እንኳ አልሄዳችሁም ማለት ነው።

የተሻለ መለኪያ ያገኘሁት ከሞባይል ጠጋኝ ነው። እነሱ የሚበይዱበት የሊድ ሽቦ የሚቀልጠው ከ183 ዲግሪ ጀምሮ ነው። የሽቦውን ጫፍ የብሎኑ ራስ ጠርዝ ላይ አስነኩት። ካልቀለጠ ማሞቁን ቀጥሉ። ከቀለጠ ጥሩ መንገድ ላይ ናችሁ፣ ትንሽ ጨምሩና ፍቱ። የቀለጠው ቁልፍ የሚገባበት ጉድጓድ ውስጥ እንዳይንጠባጠብ ብቻ ተጠንቀቁ።

በምን እናሙቅ? በሙቅ አየር መንፊያ ሞከርኩ። ጥሩ ነው፣ መብራት እስካለ ድረስ። ሞቆ ሞቆ ልፈታ ስል መብራት ሄደ፣ እስኪመጣ ቸርኬው በረዶ ሆነ። የሱሉልታን ብርድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ። የሞባይል ጠጋኙ መንፊያም ሙቀቱ ከፍተኛ ቢሆንም የሚያወጣው አየር ጥቂት ነው። የቸርኬው አሉሚኒየም ሙቀቱን ወዲያው ይበላዋል። በቀጥታ በነበልባል ማሞቅ ደግሞ አልወድም። ቀለሙ ይቃጠላል፣ የኩሽኔቱ ጎማና ግሪስ ይበላሻል። ዲስኩን መልሳችሁ የምትጠቀሙበት ከሆነ ደግሞ ሊጣመም ይችላል።

እንግዲህ የምኮራበት መሣሪያዬ ይኸውላችሁ፣ ቁራጭ ፌሮ። እዚህ አካባቢ ግንባታ ስላለ ቁራጭ ፌሮ ብርቅ አይደለም። ባለ 16 ሚሊሜትሩን ወስጄ ጫፉን በግራይንደር ባለ ስድስት ጎን አስደረግሁት፣ ብሎኑ ራስ ውስጥ ልክ እንዲገባ። ከዚያ የከሰል ምድጃ ውስጥ ደም እስኪመስል አቀላዋለሁ። አውጥቼ ብሎኑ ጉድጓድ ውስጥ ሰክቼ እይዛለሁ። ፌሮው ወፍራም ስለሆነ ብዙ ሙቀት ይዟል፣ የሚሰጠውም ለብሎኑ ነው፣ ከውስጥ ወደ ውጭ። ሁለት ፌሮ ካላችሁ አንዱ ሥራ ላይ ሲሆን ሌላው ፍም ውስጥ ይቆያል። ሲፈራረቁ የሊዱ ሽቦ መቅለጥ ይጀምራል።

አሉሚኒየም ሲሞቅ ከብረት በእጥፍ ገደማ ስለሚሰፋ፣ ብሎኑን ሳይሆን ዙሪያውን አሙቁ የሚሉ አሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው። እኔ ግን እዚህ ላይ አልስማማም። የያዘን ሙጫ ነው፣ ሙጫው ያለው ብሎኑ ጥርስ ላይ ነው፣ ወደዚያ የሚያደርሰው አጭሩ መንገድም ብሎኑ ራሱ ነው።

ጥቂት ጥንቃቄ። ከሰሉን ውጭ አቀጣጥሉ፣ ቤት ውስጥ ይገድላል። ቸርኬውን ከሞተሩ አውልቃችሁ ራቅ አድርጉት፣ ቤንዚን ታንክ አጠገብ ፍም አይቀመጥም። ኩሽኔቱ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣል አድርጉ። የፍሬን ማጽጃ ስፕሬይ የተነፋበትን ብረት ሳይደርቅ አታሙቁ። አንዳንዱ ክሎሪን ስላለበት ሲሞቅ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። አንድ ነገር ደግሞ፣ በቀላው ፌሮ ብሎኑን ለማዞር አትሞክሩ። እሳት የገባበት ብረት ይለሰልሳል፣ ጫፉ ይጠማዘዝና ጉድጓዱ ውስጥ ይቀራል። ፌሮው ለማሞቂያ ብቻ ነው፣ መፍቻው ሌላ ነው።

መፍቻው ላይ አቋሜ ጠንከር ያለ ነው። ጫፉ ክብ የሆነውን አለንኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ) ለዲስክ ብሎን የሚጠቀም ሰው ብሎኑን አይወደውም። የሚነካው ቦታ ጥቂት ስለሆነ ማዕዘኑን ይበላል። ቡሶላ ላይ የሚሰካ አጭርና ጠንካራ አለንኪ ግዙ። ጉድጓዱ ውስጥ ያለውን ጭቃ በመርፌ ጠርጉና እስከ ታች መግባቱን አረጋግጡ። ከዚያ በመዶሻ መታ መታ አድርጉት፣ ንዝረቱም ሙጫውን ይረዳል። ስታዞሩ በአንድ ወጥ ኃይል፣ ሳትነጥቁ። መሃል ላይ ከጠነከረባችሁ ቀዝቅዟል ማለት ነውና ፌሮውን መልሱት።

አራቱ እንዲህ ወጡ፣ ያለ ምንም ጣጣ።

አምስተኛዋ ማዕዘን የላትም። ፌሮው እየተንሸራተተ ይወጣል፣ አለንኪውም ዝም ብሎ ይዞራል። ቁጥሩ ትንሽ ከፍ ያለ ባለ ኮከብ ቢት (የመፍቻ ጫፍ) በመዶሻ ጠቅጥቄ ሞከርኩ። ይህ ዘዴ ለሰማያዊ ሙጫ ብዙ ጊዜ ይሠራል ይባላል። ለእኔ ቢቱ ነክሶ ያዘ፣ ብሎኗ ግን ንቅንቅ አላለችም። ጉድጓዱ በቢቱ ስለተያዘ ማሞቂያ መንገድም አልነበረኝም። በጠርዟ መሮ አድርጎ በመዶሻ ማዞር የሚባልም አለ፣ ሞክሬ ራሷን ከመጫር ያለፈ አልሆነም። በትራፓኖ መብሳት ቀረ። መብሳት ግን ለመጨረሻ ነው የማስቀምጠው። ብሎኗ ከቸርኬው በጣም ትጠነክራለች። መብሻው ትንሽ ከሸሸ የሚበላው ለስላሳውን አሉሚኒየም ነው፣ ከዚያ ቶርኖ ቤት መንከራተት ነው።

ቸርኬውን ተሸክሜ በርና መስኮት የሚሠሩ ጋሼ ዘንድ ሄድኩ። ገና ሳያዩት ሳቁ።

«ዳዶ አለህ?»

አልነበረኝም። ከወለሉ አቧራ ውስጥ በእግራቸው ፈልገው አንድ አነሱ። ብሎኗ ራስ ላይ አስቀመጡት። የብየዳ ማሽኑን መሬት፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ የሚመለስበትን መቆንጠጫ፣ እዚያው ዲስኩ ላይ ቆነጠጡት፣ ኤሌክትሪኩ በኩሽኔቱ በኩል እንዳያልፍ። ከዚያ በዳዶው ቀዳዳ ውስጥ በየዱት፣ ዳዶውና ብሎኗ አንድ እስኪሆኑ።

«ሳይቀዘቅዝ ነው የሚፈታው፣ ቁልፍህን ይዘህ ቁም» አሉኝ። ልጀምር ስል ደግሞ ያዙኝ፤ «ቅላቱ ይጥፋ! አሁን ብትነካው ብየዳው ይቀደዳል።»

ቅላቱ ጠፋ፣ ሙቀቱ ግን አለ። ቁልፉን በዳዶው ላይ አስገብቼ ሳብ አደረግሁ። መጀመሪያ ምንም። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ ማስቲካ እንደ መጎተት፣ መዞር ጀመረ። ጥርሱ ላይ ነጩ ፍርፋሪ ተቃጥሎ ቡናማ ሆኗል፣ የሚሰነፍጥ የፕላስቲክ ሽታ ነበረው። ጋሼ ለዳዶው አልቀበልም አሉ፣ ለብየዳው ብቻ ከፈልኩ። ስለዚህ ሁሉንም በራሴ ፈታሁ ብዬ አላወራም፣ አራቱን ነው።

አሁን ሳስበው ብየዳው ለምን እንደሠራ ግልጽ ነው። አዲስ ስድስት ማዕዘን ሰጠኝ፣ ብሎኗንም ከራሷ እስከ ጥርሷ አሞቃት። ሁለቱም ችግሮቼ በአንድ ጊዜ። ማዕዘኑ የጠፋ ብሎን ካጋጠማችሁ በቢትና በመሮ ሳትደክሙ በቀጥታ ወደ ብየዳ ሂዱ። ጎማው ቸርኬው ላይ ስላለ ብልጭታው እንዳያገኘው እርጥብ ጆንያ ማልበስ ብቻ ነው።

መልሶ ማሰሩ አጭር ነው። ጥርሶቹን በሽቦ ብሩሽና በንጹህ ቤንዚን አጽድቼ በደንብ አደረቅሁ፣ ቅባት ካለ ሙጫው አይይዝም። ብሎኖቹን በአዲስ ቀየርኩ። ሰማያዊ ሙጫ፣ ጠብታ ብቻ። የዲስክ ብሎን ላይ ሙጫው ይቅር የሚል አለ፣ እንዳትሰሙት። ፍሬን ነው፣ ቢላላ መንገድ ላይ ነው የምትማሩት። ቀዩን ግን እዚህ ምን እንደሚሠራ አይገባኝም። ብሎኖቹን በተራ ሳይሆን በአቋራጭ አጠበቅሁ፣ በኃይል መለኪያ ቁልፍና ማኑዋሉ ላይ ባለው ቁጥር። ቁልፉ የእኔ አይደለም፣ እየተዋስኩ ነው። ሙጫው ሙሉ በሙሉ ለመድረቅ 24 ሰዓት ይፈልጋል፣ በብርድ ደግሞ ይዘገያል። ስለዚህ ወዲያው ፍሬኑን እንሞክረው የሚለውን ፈተና ታገሱ።

አሁን የቀረኝ እጀታው ላይ ያለው የፍሬን ዘይት ዕቃ ክዳን ነው። ሁለት ትንንሽ ባለ መስቀል ዊንቾች ናቸው፣ የያዛቸው ሙጫ ሳይሆን ዝገት ይመስለኛል። ፌሮዬ እዚያ አይሠራም። ክዳኑ ፕላስቲክ ነው፣ ሥሩም የፍሬን ዘይት አለ። በመዶሻ የሚመታውን ካቻቪቴ ምናለሽ ተራ ልፈልግ ነው። እንዲህ ባለ ትንሽ ዊንች ላይ ዕቃውን ሳይሰብር የተጠቀመበት ካለ፣ እጀታውን ምን ላይ አስደግፋችሁ እንደመታችሁት ንገሩኝ።