ሜክሲኮ ሳር ቤት ታክሲ ውስጥ

ዛሬ ታክሲ ውስጥ ፓኒክ አታክ (ድንገት የሚመጣ ከባድ የፍርሃት ጥቃት) ያዘኝ። መነሻው ጓደኛዬ ቴክስቴን አይታው አለመመለሷ ነው፣ በቃ እሱ ብቻ። ቦርደርላይን ፐርሰናሊቲ ዲስኦርደር (ስሜት በኃይል የሚዋዥቅበት፣ መተው በጣም የሚያስፈራበት የአእምሮ ጤና ችግር) ሲኖርብህ "ጥላኝ ሄደች" የሚለው ነገር ሀሳብ ሆኖ አይቀርም፣ ሰውነትህ ውስጥ ይገባል፣ ልቤ ደረቴን ሊሰነጥቀው ደረሰ ጣቶቼ ደነዘዙ አየሩ አለቀብኝ፣ ልሞት ነው እያልኩ "ወራጅ አለ" ማለት እንኳን አቃተኝ።

አጠገቤ የነበሩት እናት ምን ሆንሽ አላሉኝም፣ ተረጋጊም አላሉኝም። እጄን ያዝ አደረጉና ከዘንቢላቸው ቀዝቃዛ ውሃ አውጥተው "እንኪ ልጄ፣ ፊትሽ ላይ አድርጊው" አሉኝ። እጃቸው ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል። እሱን ሽታ ሙጥኝ ብዬ ይዤ ትንፋሼን ቀስ እያልኩ ማስወጣት ጀመርኩ፣ ሽንኩርት፣ ቅዝቃዜ፣ የረዳቱ ድምፅ፣ እንደገና ሽንኩርት።

እሳቸው ይወቁት አይወቁት እንጃ፣ ፊትን ማቀዝቀዝ ዲቢቲ በሚባለው፣ ከባድ ስሜትን መቆጣጠር በሚያለማምደው የንግግር ህክምና የሚያስተምሩት ነገር ነው፣ የልብ ምትን ቀነስ ያደርጋል። ህክምናውን የፈጠረችው ማርሻ ሊነሃን ራሷ በወጣትነቷ የአእምሮ ሆስፒታል ተኝታ የታከመች ሴት ናት፣ በ2011 እ.ኤ.አ. በአደባባይ ተናገረችው፣ ይሄን ሳስብ ሁሌ ተስፋ ይሰጠኛል።

ፓኒክ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ውስጥ ጣራ ነክቶ መውረድ ይጀምራል፣ ይሄን አውቀዋለሁ፣ ግን ውስጡ ስትሆን ማወቁ አይበቃም፣ እጅ የሚይዝ ሰው ያስፈልጋል።

ጓደኛዬ ስብሰባ ላይ ነበረች፣ ማታ ደውላ ሁሉንም ነገርኳት።

እናንተስ ሲይዛችሁ ምን ይረዳችኋል? ጻፉልኝ እስቲ፣ ዛሬ በጣም ማንበብ እፈልጋለሁ።