አንድ ኮርድ ብቻ፦ ለሶሎ ውድድር የተዘጋጀሁበት ዓመት

ቼሎ (ተቀምጠው በደጋን የሚጫወቱት ትልቅ ባለ ክር መሣሪያ) መማር የጀመርኩት ወደ አሜሪካ ከመጣን በኋላ በ11 ዓመቴ ሲሆን አሁን 17 ዓመት ሆኖኛል። በምኖርበት በሜሪላንድ የአንድ የወጣቶች ኦርኬስትራ አባል ነኝ። ኦርኬስትራችን በየዓመቱ ከአባላቱ መካከል አንድ ሶሎ ተጫዋች በውድድር ይመርጣል፤ ያሸነፈውም በግንቦት ኮንሰርት ጓደኞቹ እያጀቡት አንድ ኮንቼርቶ፣ ማለትም ለአንድ ሶሎ መሣሪያና ለኦርኬስትራ የተጻፈ ሥራ፣ ይጫወታል። ባለፈው ዓመት እኔም ተወዳድሬ ነበር፤ አላሸነፍኩም። ይህን ማስታወሻ የምጽፈው፣ በጣም ዘግይቼ የገባኝን ነገር ለተመሳሳይ ውድድር የምትዘጋጁ ቀድማችሁ እንድታውቁት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ ምን ልጫወት የሚል ነበር። ቼሎን ከምር እንድይዝ ያደረገኝ፣ ቼሎ ተጫዋቹ ሼኩ ካነህ-ሜሰን እ.ኤ.አ. በ2016 በ17 ዓመቱ የቢቢሲን የወጣት ሙዚቀኛ ውድድር ያሸነፈበት የሾስታኮቪች የመጀመሪያው የቼሎ ኮንቼርቶ ስለነበር፣ እኔም እሱን ካልተጫወትኩ ብዬ ነበር። መምህሬ ግን ቀኝ እጄ ለዚያ ገና እንዳልደረሰ በግልጽ ነግረውኝ፣ ካሚ ሳን-ሳንስ እ.ኤ.አ. በ1872 የጻፈውን የመጀመሪያውን የቼሎ ኮንቼርቶ አስያዙኝ። ብዙ ተማሪ የሚጫወተው ሥራ በመሆኑ ቀላል መስሎኝ ቅር ብሎኝ ነበር፤ ቅሬታዬም ከአንድ ሳምንት በላይ አልቆየም።

በብዙ ኮንቼርቶዎች ውስጥ ኦርኬስትራው ረዘም ያለ መግቢያ ይጫወታል፤ ሶሎ ተጫዋቹም በዚያ መሀል ትንፋሹን ይሰበስባል፣ እጁን ያሟሙቃል፣ አዳራሹንም ይለምዳል። ሳን-ሳንስ ይህን ሁሉ ነስቶናል። ኦርኬስትራው አንድ አጭር ኮርድ (በአንድ ጊዜ አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይመታል፤ ወዲያው ቼሎው ሦስት ሦስት እየሆኑ በሚወርዱ ፈጣን ድምፆች ይገባል። ዘግይቶ የገባ ሰው የሚደበቅበት ቦታ የለውም። ስለዚህ ያንን አገባብ ለብቻው ለመለማመድ አንድ ዘዴ ፈጠርኩ፦ እናቴ ወጥ ቤት ሆና ደስ ባላት ሰዓት ድስት በጭልፋ ትመታለች፣ እኔ ደግሞ ሳሎን ውስጥ ደጋኔን ክሩ ላይ አድርጌ እየጠበቅሁ ድምፁን እንደሰማሁ እገባለሁ። «ልጄ፣ ዛሬም ያቺኑ ነው?» እያለች ወራት ሙሉ አገዘችኝ። ብልህ ዘዴ ይመስለኝ ነበር። ስህተቱ እዚያው ውስጥ እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው።

የቀረው ዝግጅት ትዕግሥት እንጂ ምሥጢር አልነበረውም። በሰኔ ሜትሮኖሙን (ምት የሚቆጥረውን መሣሪያ) በደቂቃ 40 ምት ላይ አድርጌ ጀመርኩና በየሁለት ሳምንቱ 4 እየጨመርኩ በኅዳር 76 ደረስኩ። የበለጠ ያስቸገረኝ፣ አውራ ጣት ክሩ ላይ ተቀምጦ በሚጫወትባቸው ከፍተኛ ድምፆች ላይ እጄ እየደረቀ መምጣቱ ነበር። ለዚህ መፍትሔው ካልጠበቅሁት አቅጣጫ መጣ። ማሲንቆ የሚጫወት አጎቴ ሊጠይቀን መጥቶ ልምምዴን ሲመለከት፣ «ጣትህ እንጨቱን የሚገፋው ምን አድርጎት ነው?» አለኝ። በማሲንቆ ጣት ክሩን አየር ላይ ይነካዋል እንጂ እስከ እንጨቱ ድረስ አይጫነውም። ቼሎ እንደዚያ አይደለም፤ ቢሆንም የእኔ ጫና ከሚያስፈልገው እጥፍ እንደነበረ በዚያች ጥያቄ ገባኝ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥም የአውራ ጣቴ ሕመም ጠፋ።

የመጀመሪያው ማጣሪያ በቪዲዮ ነበር። ደንቡ ቀረጻው ሳይቆረጥና ሳይቀጠል በአንድ ትንፋሽ እንዲሆን፣ ፊትና ሁለቱም እጆች እንዲታዩ፣ ርዝመቱም ከ12 ደቂቃ እንዳይበልጥ ያዛል። ኮንቼርቶው ሦስት ክፍሎቹ ሳይቋረጡ የተያያዙ፣ በጠቅላላው 20 ደቂቃ ያህል የሚወስድ ስለሆነ፣ ከመምህሬ ጋር ተመካክረን የመጀመሪያውን ክፍልና ተከታዩን ሚኑየት (በዝግታ በሚጨፈር የጥንት ዳንስ ስልት የተጻፈውን ክፍል) ወሰድን። በሁለት ቀን 23 ጊዜ ቀረጽኩ፤ የላክሁት ስድስተኛውን ነው። ከስድስተኛው በኋላ ያሉት ሁሉ ጥንቃቄ እንጂ ሙዚቃ አልነበራቸውም።

ለፍጻሜው ስምንት ተወዳዳሪዎች ቀረን፤ በጥር፣ በዳኞች ፊት፣ በቃል፣ በፒያኖ አጃቢ። በብርዱ ወራት ለምትወዳደሩ አንድ ነገር ላስገባ፦ የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቅ እንጨቱ ይሟሽሻል፣ የክር መወጠሪያዎቹም ይከዳሉ። ያን ቀን ቼሎዬን ከቀዝቃዛ መኪና አውጥቼ ወደ ሞቃት አዳራሽ ሳስገባ ሁለት ክሮች ረግበው አገኘኋቸው። ቀደም ብዬ በመድረሴ ለመቃኘት ጊዜ ነበረኝ እንጂ ሌላ ታሪክ እጽፍ ነበር።

አጃቢዬ የነበሩት ፒያኒስት ከውድድሩ በፊት በነበረን ልምምድ፣ «ኮርዱን ከእኔ አትጠብቅ፤ እኔ ነኝ ካንተ የምጠብቀው» ብለውኝ ነበር። ራሴን ነቀነቅሁ እንጂ አልገባኝም ነበር። በፍጻሜው ኮርዱን ሰምቼ፣ ደንግጬ፣ በጥቂቱ ዘግይቼ ገባሁ። ከዚያ በኋላ የተጫወትኩት በዚያ ዓመት ከተጫወትኩት ሁሉ የተሻለ ነበር፤ አንድም ድምፅ አልሳትኩም። አሸናፊው ሲነገር ግን የተጠራው የእኔ ስም አልነበረም።

ከዳኞቹ የደረሰኝ የጽሑፍ አስተያየት ሁለት ነጥብ ነበረው። አንደኛው፣ አጀማመሬ ለድምፅ መልስ የሚሰጥ ሰው እንጂ ሙዚቃውን የሚጀምር ሰው አጀማመር አይደለም የሚል ነው። ሁለተኛው ስለ ሚኑየቱ ነበር። በዚያ ቦታ ዋናውን ዜማ የያዙት በማፈኛ ድምፃቸው የለዘበ የኦርኬስትራው ባለ ክር መሣሪያዎች ናቸው፤ ቼሎው ዘግይቶ መጥቶ በላዩ ላይ የራሱን ረጅም ዜማ ይዘረጋል። እኔ ግን ፒያኖው የሚጫወተውን እንደ ግድግዳ ጌጥ ቆጥሬ የራሴን ብቻ ከፍ አድርጌ ዘምሬ ነበር። ለሦስት ቀን ያህል ተናድጄ ነበር። ጣቶቼን ሲያዩ እንከን አጥተው ሰበብ የፈለጉ መስሎኝ ነበር።

ንዴቴን የፈታው የግንቦቱ ኮንሰርት ነው። ያሸነፈችው ቫዮሊን ተጫዋች የመረጠችው የማክስ ብሩክን የመጀመሪያ የቫዮሊን ኮንቼርቶ ነበር፤ እኔም በቼሎዎቹ ረድፍ ተቀምጬ ካጀቧት አንዱ ነበርኩ። ሥራው በለሰለሰ የቲምፓኒ (ትልቅ የኦርኬስትራ ከበሮ) ድምፅ ይከፈታል፤ የትንፋሽ መሣሪያዎች አጭር ሐረግ ይናገራሉ፤ ከዚያ ቫዮሊኑ ከዝቅተኛው ክሩ ተነሥቶ ብቻውን ይወጣል። በዚያ ቦታ ምት የሚቆጥር ማንም የለም። መሪያችን በትራቸውን አንሥተው እሷን ብቻ ያያሉ፣ እኛ ደግሞ እሳቸውን። በመጀመሪያው ልምምድ ሐረጉን ስትጨርስ ግማሾቻችን ቀድመን፣ ግማሾቻችን ዘግይተን ገባን። በሁለተኛው ልምምድ ትንሽ ወደ እኛ ዞራ ተጫወተች፤ የሐረጉን መጨረሻ ከመድረሷ በፊት በትከሻዋ ስትተነፍስ ከኋለኛው ረድፍ እንኳ ይታይ ነበር፤ ሁላችንም አብረን ገባን። እኛ ቼሎዎች ከሥሯ ክሩን በጣት እየነቀስን ስናጅባት ሌላም ነገር አስተዋልኩ፦ ስንከብድባት አትጮህም፤ ድምፃችንን ሰምታ በውስጡ ቦታ ትፈልጋለች። ብሩክ ራሱ ይህን ኮንቼርቶ እ.ኤ.አ. በ1866 ካሰማው በኋላ፣ ዮዜፍ ዮአኪም ከተባለው ቫዮሊኒስት ጋር ተመካክሮ እንዳሻሻለውና የተሻሻለውም በ1868 እንደቀረበ በዚያው ሰሞን አነበብኩ። ዳኞቹ የፈለጉት ሰባ ሰው ሊከተለው የሚችል ሰው እንደነበረ፣ ከሰባዎቹ አንዱ ሆኜ ነው የገባኝ።

ዘንድሮም በሳን-ሳንስ እወዳደራለሁ። አዲስ ሥራ እንድይዝ የመከሩኝ ነበሩ፤ እምቢ አልኩ። ክረምቱን የጀመርኩት የሶሎውን ክፍል ዘግቼ፣ የሁሉም መሣሪያዎች ኖታ ያለበትን መጽሐፍ ከቤተ መጻሕፍት ተውሼ፣ በኦርኬስትራው ውስጥ ለቼሎዎች የተጻፈውን በማጥናት ነው። ሚኑየቱን በሁለተኛ ቫዮሊኖች ዜማ በኩል በአፌ እያዜምኩ፣ በእጄ የራሴን እጫወታለሁ፤ ይህ እስካሁን አስቀያሚ ነው የሚሰማው። ሰኞ ማታ ደግሞ ከአንድ የኦርኬስትራ ጓደኛዬ ጋር እየተቀያየርን አንዳችን ሌላውን እናጅባለን።

ድስቱም አልቀረም፤ አሠራሩ ግን ተገለበጠ። እናቴ ከፊቴ ትቆማለች፣ የምትመታውም ስትፈልግ ሳይሆን እኔ ስተነፍስ ነው። እስካሁን ከአሥር ጊዜ ሰባቱን አብረን እንገባለን።