ከመዝጊያው ኋላ ያለው አየር

የግድብ ታችኛው የውኃ መልቀቂያ የኮምፒውተር ሲሙሌሽን ሲቀርብልኝ አስቀድሜ የማየው ከመልቀቂያው መዝጊያ ኋላ አየር የሚያስገባው የአየር ቱቦ በስሌቱ ውስጥ መግባቱን ነው። ብዙ ጊዜ አይገባም፤ በቀለም ተሥሎ የሚታየው ውኃው ብቻ ነው። አየሩ ያልተሰላበትን ውጤት ለመቀበል እቸገራለሁ።

ከመዝጊያው በላይ 100 ሜትር ውኃ ካለ፣ በሰበቃ የሚባክነው ሳይታሰብ፣ ከሥሩ የሚወጣው ውኃ በሰከንድ 44 ሜትር ይወረወራል። በዚህ ፍጥነት ከመዝጊያው ኋላ ያለውን አየር ጠርጎ ይወስዳል፤ በቱቦው በኩል ምትክ ካልገባ ግፊቱ እየወረደ ሄዶ ውኃው ሳይሞቅ እስከ መፍላት ይደርሳል። የሚፈጠሩት የእንፋሎት አረፋዎች ግፊት ወዳለበት ሲደርሱ በቅጽበት ይፈርሳሉ፣ አጠገባቸው ያለውን ኮንክሪትም ይቦረቡራሉ። ካቪቴሽን የሚባለው ይህ ነው።

በአሪዞና፣ በኮሎራዶ ወንዝ ላይ የሚገኘው የግሌን ካንየን ግድብ እ.ኤ.አ. በ1983 የገጠመው ጉዳት የዚሁ ነው። የቀለጠው በረዶ ሐይቁን ሞልቶ ትርፍ ውኃ የሚለቀቅባቸው የማስተንፈሻ ዋሻዎች ሲከፈቱ፣ ከግራው ዋሻ አፍ የኮንክሪትና የአሸዋ ድንጋይ ስብርባሪ ከውኃው ጋር ይወጣ ጀመር፤ በኋላ ሲታይ ዓለቱ እስከ 10 ሜትር ገደማ ጥልቀት ተቦርቡሮ ነበር። በጥገናው ወቅት ለዋሻዎቹ አየር ማስገቢያ ጎድጎድ ተሠራላቸው፤ በ1984 በተደረገው ሙከራም እንዲህ ያለ ጉዳት አልታየም።

የላቦራቶሪ ሞዴል ይህን አደጋ በቀላሉ አያሳይም። በ1፡25 በተሠራ ሞዴል ላይ የ40 ሴንቲ ሜትር ውኃ ያህል የወረደ ግፊት በእውነተኛው ግድብ የ10 ሜትር ያህል ነው፤ የላቦራቶሪው የከባቢ አየር ግፊት ግን አብሮ ስለማያንስ በሞዴሉ ውስጥ የሚፈላ ውኃ አይኖርም። ኮምፒውተር በእውነተኛው መጠን ስለሚያሰላ እዚህ ላይ ብልጫ አለው። ሆኖም የተለመደው ስሌት የሚሰጠው አማካይ ግፊትን ነው፤ መዝጊያው በሚንሸራተትበት ጎድጎድ ጠርዝ ላይ ደግሞ ግፊቱ በየቅጽበቱ ከአማካዩ እጅግ ዝቅ ይላል። ሜሹ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ቦታውን ከፋፍሎ የሚያሰላባቸው የትንንሽ ክፍሎች መረብ፣ መድቀቅ ያለበት፣ የግፊቱ መዋዠቅም ተለይቶ መሰላት ያለበት በዚያ ነው።

ለአገራችን ደጋማ ቦታዎች ደግሞ አንድ ነገር ይጨመራል፦ በ2,000 ሜትር ከፍታ የከባቢ አየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ስለሚያንስ ውኃው ለመፍላት የቀረበ ነው። በስሌቱ መግቢያ ላይ የባሕር ወለሉ ቁጥር እንደ ነባሪ ተሞልቶ ካገኘሁ፣ በቦታው ግፊት ተተክቶ ስሌቱ እንደገና እንዲሠራ እጠይቃለሁ። ግድቡ ተሠርቶ መዝጊያው ሲሞከርም በአየር ቱቦው ውስጥ የሚነፍሰው አየር ፍጥነት በየመክፈቻው ደረጃ ቢለካ፣ ሲሙሌሽኑን ከእውነቱ ጋር ለማስተያየት በትንሽ ወጪ የሚገኝ መረጃ ይሆናል።