ማሲንቆው ግጥሙን ሲሸፍነው፦ ኢኪው የት ላይ ይከፈት?

ድምፃዊ፣ ማሲንቆ፣ ክራርና ከበሮ ያሉበት ቀረጻ ሚክስ ሲደረግ ቀድሞ የሚጠፋው ግጥሙ ነው። የድምፃዊውን ፌደር (የጩኸት መጠን ማስተካከያ) ከፍ ስታደርጉ ማሲንቆው ይዋጣል፤ እሱን ስታነሱ ግጥሙ ተመልሶ ይሸፈናል። የማሲንቆ ዜማ የሰው ድምፅ በሚሄድበት ከፍታ ስለሚሄድ፣ የደጋኑም ፍትጊያ ግጥሙ ጥርት ብሎ ከሚሰማበት ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሄርዝ ስለሚደርስ፣ በፌደር ብቻ አይፈታም።

ኢኪውን (የድምፅን ወፍራምና ቀጭን ክፍሎች ለየብቻ የሚጨምረውን ወይም የሚቀንሰውን መሣሪያ) መጀመሪያ የምትከፍቱት ድምፃዊው ላይ ሳይሆን ማሲንቆው ላይ ነው። ሁሉም ትራክ እየተጫወተ፣ ኪው (የሚነካውን ባንድ ስፋት የሚወስነውን) 1 አድርጋችሁ፣ 3 ኪሎ ሄርዝ ላይ 2 ወይም 3 ዴሲቤል ቀንሱ። ነጥቡን ቀስ እያላችሁ ወደ ታችም ወደ ላይም ውሰዱት፤ ግጥሙ ፈካ ሲል ተዉት። አሁን ማሲንቆውን ሶሎ (ብቻውን እንዲሰማ) ብታደርጉት ደብዘዝ ያለ ይመስላል። ይምሰል፤ አድማጭ ሶሎ የሚጫንበት ቁልፍ የለውም።

ድምፃዊው ላይ ሎው ከት (ከአንድ ነጥብ በታች ያለውን ድምፅ የሚቆርጠው) ይበቃል፦ ለወንድ 80፣ ለሴት 100 ሄርዝ አካባቢ። ማይኩን በጣም ተጠግቶ የዘፈነ ሰው ግን ከ200 እስከ 300 ሄርዝ ያብጣል፤ እዚያ 2 ወይም 3 ዴሲቤል መቀነስ ነው። ሎው ከቱን 150 አሳልፎ «ጠራ» ማለት የተለመደ ነው፤ የጠራው ግን የዘፋኙ ደረት ስለጠፋ ነው። ከበሮው ጉምታው ታች ስለሆነ ሎው ከቱን ከ30 ሄርዝ በላይ አታሳልፉበት። ቤዝ ጊታር ካለ ግን ለአንዱ 60ን፣ ለሌላው 100ን ስጡ፤ ሁለቱንም አንድ ቦታ ላይ ከፍ ካደረጋችሁ ዝቅተኛው ድምፅ ጭቃ ይሆናል።

ቀጭን ባንድ 10 ዴሲቤል ከፍ አድርጎ «መጥፎ ድምፅ» እያደኑ መቁረጥ ብዙ ቦታ ይመከራል። እኔ አልመክርም። እንዲህ ከፍ የተደረገ ድምፅ የትም ቦታ ያስጠላል፤ ትራኩም መጨረሻው ወንፊት ነው። መጀመሪያ ጆሮ የረበሸው ነገር ይኑር፣ ከዚያ ይፈለግ።

ከፍ ያደረጋችሁት ነገር ሁሉ የተሻለ የሚመስለው ስለጮኸ ሊሆን ይችላል። 3 ዴሲቤል የጨመራችሁበትን ትራክ በኢኪው አውትፑት ቀንሳችሁ ጩኸቱን ከበፊቱ ጋር አስተካክሉና ባይፓስ እያደረጋችሁ (ኢኪውን እያጠፋችሁና እያበራችሁ) አወዳድሩ። ልዩነቱ ከጠፋ ጭማሪውን ሰርዙት።

«ስ»፣ «ሽ» እና «ፅ» ጆሮ ሲወጉ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ሄርዝ በኢኪው አትቀንሱ፤ ዘፈኑ በሙሉ ይደበዝዛል። እነዚህ ለአፍታ ብቻ ስለሚወጡ ዲኤሰር (እነዚህን ድምፆች ሲወጡ ብቻ የሚቀንሰው መሣሪያ) ይያዛቸው።